ለጠዋት ያልኩት ኢሜይል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደረሰ፤ እናንተ እንዴት ነው ስኬጁል የምታደርጉት?

መነሻ

የምሠራው ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለ ሕንፃ ውስጥ ነው። ድርጅታችን አስመጪ ነው። ትንሽ ስለሆነ ደብዳቤውም ሰነዱም እኔ ላይ ነው። ብዙውን የምጽፈው ማታ፣ ልጆቼን ካስተኛሁ በኋላ ነው። ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ሐሳቤም ይሰበሰባል። ኃላፊዬ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ስልካቸው ከራስጌያቸው አይለይም። ማታ የጻፍኩትን ማታውኑ ልኬ ላስቸግራቸው አልፈልግም። ስለዚህ አንድ ቀን ኢሜይሉን ጽፌ ጨረስኩና ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቢሮ ሲገቡ እንዲደርሳቸው ስኬጁል አደረግኩት። ሰዓቱ ላይ 2፡00 ኤኤም ብዬ ሞላሁ። ተኛሁ።

ኢሜይሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሄደ። እኛ አገር ሌሊት የሚጮህ ስልክ ምን እንደሚያሳስብ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደንግጠው ተነሥተው፣ መብራት አብርተው፣ መነጽራቸውን ፈልገው ያገኙት የጉምሩክ ሰነድ ዝርዝር ነው። ጠዋት ቢሮ ስገባ አልተቆጡኝም። ቤት ሰላም መሆኑን፣ ልጆቹ ደህና ማደራቸውን ነው የጠየቁኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ሁለት ነገር ጠየቅኩ። ሰዓቱን ሳትሳሳቱ የምትሞሉት እንዴት ነው? ደግሞስ ማታ የተጻፈን ደብዳቤ ጠዋት እንደተጻፈ አድርጎ መላክ ራሱ ተገቢ ነው ወይ? 25 መልስ መጣ፤ 26ኛው የእኔ ነው። የመልሶቹ ሰንሰለት ስለረዘመና አዲስ የሚገቡ ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ስለሚያነሡ፣ የተባለውን በራሴ ቃል እዚህ አሰባስቤዋለሁ።

1ኛው መልስ አንድ መስመር ናት። በእኛ ሰዓት ላይ 6 መደመር እንደሚበቃ፣ እኔም መሙላት የነበረብኝ 8፡00 ኤኤም እንደነበር ይናገራል።

2ኛው ሶፍትዌር ከሚሠራ ልጅ የመጣ ነው። 1ኛውን በትሕትና አረመው። መደመር ጠዋት ላይ ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሰው ያሳስታል። ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ 6 ብንደምር 14 ይመጣል፤ ኤኤም እና ፒኤም በሚል ሰሌዳ ላይ ደግሞ 14 የሚባል ቁጥር የለም፤ እዚያ 2፡00 ፒኤም ነው። ትልቁ ወጥመድ ያለው 6 ሰዓት ላይ እንደሆነ አስረዳ። ቀን 6 ሰዓት 12፡00 ፒኤም ነው፤ እኩለ ሌሊት 12፡00 ኤኤም ነው። ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ሁለተኛው ወጥመድ ቀኑ ነው። እኛ ለእሑድ አጥቢያ የምንለው ሌሊት በልባችን ገና የቅዳሜ ሌሊት ነው። ለኮምፒውተሩ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ ጀምሮ እሑድ ሆኗል። ስለዚህ ስልክንም ኮምፒውተርንም ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ማዞር ይሻላል ባይ ነው። ያኔ ጠዋት 2 ሰዓት 08፡00፣ ከሰዓት 8 ሰዓት 14፡00፣ ሌሊት 8 ሰዓት 02፡00 ይሆናል፤ የሚምታታ የለም። የዚያኑ ዕለት ማታ እንዳለው አደረግኩ። ከሁሉም መልስ በእጅ የሚያዝ ጥቅም ያገኘሁት ከዚህ ነው።

3ኛው መልስ ከአንድ አባት ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ባለው ዋናው ፖስታ ቤት ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። በእሳቸው ጊዜ ደብዳቤ ሰው ከእንቅልፉ አይቀሰቅስም ነበር። በአዲስ አበባ ፖስተኛ በየቤቱ አያንኳኳም ነበር፤ ደብዳቤው ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ባለሣጥኑ ቁልፉን ይዞ በፈለገው ሰዓት ይመጣ ነበር። አድራሻ ማለት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር። የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ፣ በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ከሆነችም ወዲህ፣ ደብዳቤው የሚነበብበትን ሰዓት የሚመርጠው አንባቢው እንጂ ላኪው አልነበረም። አሁን ግን ሣጥኑ ላይ ደወል ተሰቅሏል። ደወሉን የሰቀለው ደግሞ የተቀባዩ ስልክ ነው። እኔ ሰዓቱን ከመቁጠር በፊት ያንን ደወል እንዳይ መከሩኝ። ያን ጊዜ አመሰግናለሁ ጋሼ ብዬ አለፍኩት። ኋላ ተመልሼበታለሁ።

4ኛውና 5ኛው የምጠቀመው በምን እንደሆነ ጠየቁ። ጂሜይል መሆኑን ነገርኳቸው። ጥያቄው ተራ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም።

6ኛው መልስ የጻፈችው በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን የምታስተዳድር ልጅ ናት። ነገሩ ሁሉ ያለው ደብዳቤው እስኪሄድ ድረስ የት ይጠብቃል በሚለው ላይ መሆኑን አስረዳች። ጂሜይል ላይ ከሆነ የሚጠብቀው በጉግል ሰርቨር፣ ማለትም በኩባንያው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ብትዘጉት፣ መብራት ቢሄድ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ እሱ ሰዓቱን ጠብቆ ይሄዳል። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የድሮው አውትሉክ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ግን፣ አካውንቱ ፖፕ ወይም አይማፕ በሚባሉት የኢሜይል መቀበያ ዘዴዎች የሚሠራ ከሆነ፣ ደብዳቤውን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው የሚያቆየው። ሰዓቱ ሲደርስ ፕሮግራሙ ተከፍቶ፣ ኢንተርኔቱም ኖሮ ካልተገኘ አይሄድም። መሥሪያ ቤቱ ኤክስቼንጅ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨር ካለው ሰርቨሩ ያቆይለታል። አዲሱ አውትሉክና በብሮውዘር የሚከፈተውም እንደዚሁ ኮምፒውተሩን አይጠብቁም፤ ተራውን የሚጠብቀው ደብዳቤ ድራፍት፣ ማለትም ያልተላኩ ረቂቆች ውስጥ ይታያል። ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም የሚጠቀሙ ደግሞ ሴንድ ሌተር የሚባለውን ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን አለባቸው፤ እሱም የተከፈተ ኮምፒውተር ይፈልጋል።

መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ማስረጃው ወዲያው መጣ።

7ኛው መልስ ፒያሳ ማተሚያ ቤት ካለው ሰው ነው። አንድ ድርጅት ፕሮፎርማ ጠየቀው። እስከ ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት በኢሜይል ይድረስ ተባለ። ዋጋውን ዓርብ ጨርሶ አዘጋጀ። ቀድሞ ከላከ ዋጋው ወደ ሌሎች ተወዳዳሪዎች ይወጣል ብሎ ሠጋ። ስለዚህ በድሮው አውትሉክ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲሄድ ሞላው። ሰኞ ማለዳ መብራት ሄደ። ሲመለስ 5 ሰዓት አልፏል። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ደብዳቤው ወጣ፤ የተላከበት ሰዓትም ላዩ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጻፈ። ሥራውን አጣ። የመጽሐፍ ጥረዛ ነበር፤ ሦስት ሠራተኞቹን ለሁለት ወር ያሠራቸው ነበር።

8ኛው ጨከን አለበት። ደብዳቤን እስከ መጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ያቆየ ሰው መብራቱን መውቀስ እንደማይገባው ጻፈ። 9ኛው ባለማተሚያ ቤቱ ራሱ ነው። ጄኔሬተር መግዣ በሌለው ሰው ላይ እንዲህ መናገር እንደሚቀል መለሰለት። እኔ 8ኛው በቁም ነገሩ ልክ ነው እላለሁ፤ ሥራ ላጣ ሰው የሚነገርበት መንገድ ግን ያ አልነበረም። ለፕሮፎርማ ከሆነ ስኬጁል ይቅርና በእጅ ተልኮም ተደውሎ መድረሱ ይረጋገጣል።

ከ10ኛው ጀምሮ ነገሩ ጋለ። ካዛንቺስ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ የሆነ ሰው ነው የጻፈው። ሁለተኛውን ጥያቄዬን ይዞ ተነሣ። ማታ የጻፉትን ጠዋት መላክ ማስመሰል እንደሆነ፣ ከሥሩ ያሉ ሠራተኞች ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚደርስ ኢሜይል ሞልተው እነሱ ግን 4 ሰዓት እንደሚገቡ፣ ሰዓት የሚዋሽ ሰው ሌላም እንደሚዋሽ ደረደረ። ሌሎች ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እንዲደርስ አድርገው ሌሊቱን ሲሠሩ ያደሩ እንደሚመስሉ ጨመረበት።

11ኛዋ ሴት አልታገሠችውም። ሁለት ሕፃናት አሏት። ቀን ቢሮ ትውላለች፣ ማታ ምግብ ሠርታ፣ ልጆች አጥባ፣ አስተኝታ፣ ከዚያ ነው ላፕቶፕ የምትከፍተው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ በስሟ ኢሜይል ሲደርሰው አለቃዋ ቀን ሥራ አልሠራችም ብሎ ይገምታል። ጠዋት ሲደርሰው ግን ሥራውን ያያል። የምትሸሽገው ውሸት የለም፤ የምትከላከለው ክብሯን ነው። ለ10ኛው የተናገረችው ጠንከር ያለ ነበር፤ ሰዓት የሚቆጥር ኃላፊ ሥራ መመዘን የማያውቅ መሆኑን ጭምር ነገረችው። 12ኛው መልስ አሁን አይታይም፤ አድሚኑ አንሥቶታል። ከመነሣቱ በፊት አንብቤዋለሁ። የተጻፈው በሴቶች ላይ ነበር፤ መነሣቱ ተገቢ ነው።

13ኛው ማንንም ሳይነካ መሃል ገባ። ስኬጁል የተደረገ ደብዳቤ ላይ የሚታየው የሄደበት ሰዓት ነው። ሰውየው በዚያ ሰዓት ቢሮ ነበርኩ ብሎ ካልጻፈ በቀር፣ ሰዓቱ ስለ ላኪው የሚናገረው ነገር የለም። እኔም ከዚህ ጋር ነኝ። ማታ የተጠለፈ ሹራብ ጠዋት ሲሰጥ ማንም አልተዋሸም። 10ኛውን ግን አንድ ነገር አልነፍገውም፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሆን ብሎ የሚያስደርስ ሰው ለራሱ ዝና ብሎ የሌላውን እንቅልፍ ይወስዳል። ያ ጥፋት ነው።

14ኛዋ ዋሽንግተን የምትኖር ናት። እዚህ ያለ የቤተሰብ ጉዳይ በኢሜይል ትከታተላለች። ጂሜይል የሚይዘው ስኬጁል ያደረጉበትን ቦታ ሰዓት መሆኑን፣ ለአዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት ሁልጊዜ በእሷ 1፡00 ኤኤም እንደምትሞላ ነገረችን። 15ኛው ሁልጊዜ የሚለውን አስተካከለ። እኛ ዓመቱን ሙሉ ሰዓት አንቀይርም፤ እነሱ ይቀይራሉ። ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ልዩነታችን 7 ሰዓት ነው፣ በቀረው ጊዜ 8። ስለዚህ በበጋቸው መሙላት ያለባት 2፡00 ኤኤም ነው። አውሮፓ ደግሞ የሚቀይረው በማርች መጨረሻ እሑድና በኦክቶበር መጨረሻ እሑድ ነው፤ በመሃሉ ባሉት ሳምንታት አንዱ ቀይሮ ሌላው አልቀየረም። እሷም አንዳንድ ደብዳቤዎቿ ለምን በአንድ ሰዓት እንደተዛነፉ ገና አሁን እንደገባት ገልጻ አመሰገነች።

16ኛው ስለ ቀን መቁጠሪያ ነው። አንዲት የሰው ኃይል ሠራተኛ ለባልደረቦቿ የእንቁጣጣሽ መልካም ምኞት ሞላች። ሴፕቴምበር 11 አለች፤ ሁላችንም የምናውቀው ያንን ነው። ዓመቱ ግን 2015 ወደ 2016 የሚሸጋገርበት ነበር። ጳጉሜን 6 ቀን ሆናለች፤ መስከረም 1 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ላይ ውሏል። እንኳን አደረሳችሁ የሚለው ገና ጳጉሜን ሳትወጣ በየሰዉ ደረሰ። ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ስለጻፈች ሌላም ነገር ገጥሟታል። ጂሜይል በአንድ ጊዜ ተራ እንዲጠብቁ የሚፈቅደው እስከ 100 ደብዳቤ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያሉትን በበዓሉ ጠዋት በእጇ ላከች፤ ትክክለኛው ቀን የደረሳቸው እነዚያ ብቻ ናቸው።

17ኛው ጂሜይል ይህን አሠራር ያመጣው ኤፕሪል 1 ቀን 2019፣ በእኛ መጋቢት 23 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ 15ኛ ዓመቱን ሲይዝ መሆኑን፣ ከዚያ በፊት ሰው እንደ ቡመራንግ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይጭን እንደነበር አስታወሰን። ከዚያ 18ኛውና 19ኛው ከጉዳዩ ወጡ። ማተሚያ ቤቱ ፒያሳ የት ጋ እንደሆነ ተጠየቀ፣ ስለፈረሱት ቤቶች ተነሣ፣ በልጅነት ማኪያቶ የጠጡበት ካፌ ተወሳ። አልተቃወምኩም። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

20ኛው ሁላችንንም ዝም አሰኘን።

የጻፈችው ለገሃር አካባቢ ከሚሠሩ ሴቶች አንዷ ናት። መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ ዕቁብ ነበራቸው፤ ዳኛው አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ነበር። ዓርብ ማታ ለዕቁብተኛው ሁሉ ኢሜይል ጻፈ። የወሩ ዕጣ ለማን እንደወጣ፣ ገንዘቡን ሰኞ ከምሳ በኋላ ራሱ ይዞ እንደሚመጣ ነገራቸው። ሰው በእረፍቱ ቀን እንዳይረበሽ ብሎ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንዲሄድ ሞላው። ቅዳሜ ሌሊት አመመው። አልነጋለትም። እሑድ ቀበሩት። ሰኞ ጠዋት ባልደረቦቹ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። 3 ሰዓት ላይ ስልካቸው ባንድ ጊዜ ጮኸ። የእሱ ስም ነው። ከምሳ በኋላ እመጣለሁ ይላል። ባለቤቱ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ የሚነግራት ጠፋ። ኋላ ዕጣው የወጣላት ልጅ ገንዘቡን ለባለቤቱ አሳልፋ ሰጠች።

ይህን የጻፈችልን ሴት ስኬጁል ማድረግን አልተወችም። ግን ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሌሊት አርቃ አትሞላም። ነገ ጠዋት ድረስ ብቻ። ከዚያ ለሚርቀው ራሷን ታስታውስና በቀኑ ትጽፋለች።

21ኛው ነፍስ ይማር ብቻ ነው። 22ኛው ደግሞ የግል የሂሳብ ባለሙያ ነው። ለሟቹ ካዘነ በኋላ አንድ ሌሊት የሚለው ደንብ ለእሱ ሥራ እንደማይሆን አስረዳ። ለደንበኞቹ የንግድ ፈቃድ እድሳት ማስታወሻ ይልካል። ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ እሱም በኅዳር የሚደርሰውን ገና በነሐሴ ይሞላል። ባይሞላ ይረሳል፤ ቢረሳ ደንበኛው ይቀጣል። ልዩነቱ ደብዳቤው የሚናገረው ላይ ነው ብዬ አስባለሁ። የመንግሥት ቀነ ገደብ እኛ ብንኖርም ባንኖርም እዚያው ነው። እመጣለሁ የሚል ቃል ግን ሰውየው መኖር አለበት።

23ኛዋ ተናዳ የጻፈችውን ሁሉ ለማግስቱ ጠዋት እንደምትሞላ ነገረችን። ጂሜይል የተላከን ደብዳቤ ለመመለስ የሚሰጠው ቢበዛ 30 ሰከንድ ነው፤ በ30 ሰከንድ ንዴት አይበርድም። ሌሊቱን ካደረ በኋላ ግን ተራ ከሚጠብቁት ዝርዝር ውስጥ ገብታ ትሰርዘዋለች፤ ተመልሶ ድራፍት ይሆናል። እስካሁን አንዱንም እንዳለ አልላከችም።

24ኛው ያ ከካዛንቺስ የጻፈው ኃላፊ ነው። ሐሳቡን አልለወጠም፤ ሰዓት ሰዓት ነው ባይ ነው። ግን 20ኛውን አንብቦ፣ ሠራተኞቹ ለምን ለጠዋት እንደሚሞሉ ጠይቆ እንደማያውቅ ጻፈ። 11ኛዋንም በስም ሳይጠራ ይቅርታ ጠየቀ። አልመለሰችለትም። መብቷ ነው።

25ኛው እኚያ የፖስታ ቤቱ አባት ናቸው። ተመልሰው መጥተው ደወሉን አይቼው እንደሆነ ጠየቁኝ። አላየሁትም ነበር።

26ኛው መልስ የእኔ ነው። በማግስቱ ሻይ ሰዓት ላይ ለኃላፊዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሁለቱን ሰዓት እንዴት እንዳምታታሁ፣ መድረክ ላይ እንደጠየቅኩ፣ አባታችን ምን እንዳሉ። ስልኩን ማታ ለምን እንደማይዘጉት ጠየቅኳቸው። ልጃቸው ውጭ አገር ነው። እሱ ከሥራ ሲወጣ እዚህ ሌሊት ነው። የሚደውልላቸው ያኔ ነው። ለዚህ ነው የድምፁ መጠን እስከ መጨረሻው የተከፈተው።

ስልካቸውን ተቀበልኳቸው። አብረን ሴቲንግ ውስጥ ገባን። የኢሜይሉን ድምፅ አጠፋነው፤ የጥሪውን አልነካነውም። ከዚያ ከራሴ ስልክ አንድ ባዶ ኢሜይል ላክሁላቸው። ጠረጴዛው ላይ ስክሪኑ በራ፤ ስልኩ አልጮኸም። ቀጥዬ ደወልኩ። ጮኸ። እሳቸውም አንሥተው፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ አቤት አሉኝ።